ከመስቀል በፊት የምትጠልቅ ኮከብ

ሰኞ፣ ጳጉሜን 1 ቀን 1929፤ ዲላ

ጠዋት ስንቅ ይዤ መጋዘኑ በር። ዛሬም የጣሊያን ቅጥር ወታደር የሆነው አስካሪ ጣቱን ወጡ ውስጥ ነክሮ አማሰለ። ቢላዋ ይፈልጋል፤ ወይም እንዲሁ ማማሰል ይወዳል። ዝም አልኩ። ዝም ካላሉት ሳህኑን ይደፋል፤ የሌላ ሴት ሲደፋ አይቻለሁ።

ተሰማን ለአፍታ አየሁት። (ከእንግዲህ ተ. ብዬ ነው የምጽፈው።) ባሌ። የዲላ ስልከኛ የነበረ። ከየካቲት ወዲህ ፊደል የቆጠረ ሁሉ ሲለቀም እሱንም ወሰዱት፤ ቡና ይከማችበት በነበረው መጋዘን ከሌሎቹ ጋር ተዘግቶበታል። ሳሉ ከበር ይሰማል። ከስቷል። አንገቱ የሌላ ሰው አንገት መሰለኝ።

ወሬ፦ ከመስቀል በኋላ ካሚዮን ይመጣል። የተማሩትን ጭኖ ወደ ሶማሌ በረሃ ይወስዳል። ከዚያ የተመለሰ ሰው አላውቅም፤ የሚያውቅ ሰውም አላውቅም።

ከሰዓት በኋላ መሐንዲሱ ድንኳን። ጣሊያን ነው፤ ወደ ይርጋጨፌ የሚወስደውን መንገድ የሚያሠራው። ከግንቦት ጀምሮ ልብሱን አጥባለሁ፤ የተ. ስንቅ ከዚያ ነው የሚወጣው። ድንጋይ ሲያፈነዱ ፍንጣሪ መትቶት ቀኝ ዓይኑ በፋሻ ታስሯል፤ ግራው ያለማቋረጥ ያነባል። ዛሬ ካገሩ የመጣ ቴሌግራም ይዞ ይቁነጠነጣል። ፈረንሳይኛ እንደማውቅ ያውቃል፤ አዲስ አበባ ተማሪ ቤት የተማርኩትን፣ የመድኃኒት ጠርሙስ ሳነብ ደርሶብኛል። ያን ቀን ያለቀልኝ መስሎኝ ነበር። ለማንም አልተናገረም።

ነገሩ ይህ ነው። ከኛ ከዋክብት ሁሉ ወዲያ፣ ከፍኖተ ሐሊብ ውጪ፣ ሌላ የከዋክብት መንደር አለ አለኝ። እጅግ ሩቅ፤ በእሱ መነጽር እንኳ መንደሩ አይታይም። ግን እዚያ አንዲት ኮከብ ፈንድታለች፤ ብርሃኗ መንደሩን ሁሉ በልጦ እዚህ ደርሷል። በጨለማ ከጋራው ማዶ ያለ መንደር አይታይሽም፤ አንድ ጎጆ ሲቃጠል ግን ታያለሽ፣ አለ። በየምሽቱ እየደከመች ትሄዳለች። ምን ያህል እንደደከመች መዝግቦ ላገሩ መላክ ይፈልጋል። በራሱ ዓይን አይችልም። በእኔ ዓይን ሊያይ ነው።

ፀሐይ እንደጠለቀች ረጅሙን መነጽር በሦስት እግሩ አቆመ። ሰሜን ምዕራብ። የማንኪያ ቅርጽ ያላቸው ሰባቱ ከዋክብት፤ ከእጀታው በስተግራ ብቻዋን የቆመች ደማቅ ኮከብ፤ ከእሷ ትንሽ ከፍ ብሎ። አገኘኋት። ነጥብ። የጨው ፍሬ አታክልም።

ለዚች ነው ሰው እንዲህ የሚሆነው?


ረቡዕ፣ ጳጉሜን 3

ዓይኔ ለመደ። በአጠገቧ ያሉትን፣ የማይለወጡትን ከዋክብት መሐንዲሱ ወረቀት ላይ ስሎ በየአንዳንዳቸው የላቲን ፊደል ጽፎባቸዋል። እኔ በልቤ ሀ፣ ለ፣ ሐ ብያቸዋለሁ። ከሀ ታንሳለች፣ ከለ ትበልጣለች ስለው ይጽፋል። ወረቀቱን ከአፍንጫው አስጠግቶ።

እማማ ብርቄ አብረውኝ መጡ። የተ. እናት ናቸው፤ አንድ ቤት ነው የምንኖረው። የልጄ ሚስት መሽቶ ከፈረንጅ ድንኳን ስትወጣ እኔ ሳልኖር አትታይም አሉ። ባዶ የጥይት ሳጥን ላይ ተቀመጡ፤ ጀርባቸውን ለመሐንዲሱ ሰጥተው፣ ጥላቸውን ዘርግተው። ዝናብ አልነበረም።

ዛሬ ደፈርኩ። በየምሽቱ እመጣለሁ፣ አንድም ቀን አልቀርም፤ እርስዎ ስለ ባሌ ለረዚደንቱ ይንገሩልኝ አልኩት። ረዚደንቱ የአውራጃው ገዥ ነው፤ ማን እንደሚጫን ማን እንደሚቀር የሚወስነው እሱ። መሐንዲሱ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ነገ እነግረዋለሁ አለ። ሰው እጁን ደረቱ ላይ ሲያደርግ አምናለሁ። እናቴም እንዲህ ነበረች።

ስንመለስ ለእማማ ነገርኳቸው። ማተቡን አላየሁበትም፣ አሉ።


ዓርብ፣ ጳጉሜን 5

ዝናብ። ሰማዩ ክዳን እንደተደፋበት ድስት። ሆኖም ጠበቅን። መሐንዲሱ እየወጣ ይገባል፤ ልጁ የታመመበት አባት ይመስላል። የእኔ ሰው ታሟል፣ እኔ እቀመጣለሁ።

ነገሩን ነገሩት ወይ አልኩ። ረዚደንቱ ወደ ጨለለቅቱ ለጉብኝት ወጥቷል፣ ሲመለስ አለኝ። ጠዋት ግን የረዚደንቱን መኪና ገበያው አጠገብ ያየሁ መስሎኛል። መኪናው ያለ ጌታው ሊሄድ ይችላል። ይሆናል።

ነገ አዲስ ዓመት ነው። ቤቱን ጎዝጉዘናል። እንግዳ አይመጣም። ማንን ብሎ ይምጣ።


ቅዳሜ፣ መስከረም 1 ቀን 1930

ለበዓሉ ብለው እስረኞቹን በር ላይ እንድናነጋግር ፈቀዱ። ለአፍታ። ተ. ሰላም እንኳ ሳይለኝ ጀመረ።

“ማታ ማታ የት ነው የምትሄጂው?”

“ኮከብ ለማየት።”

“ከጣሊያን ጋር?”

“ከእናትህ ጋር።”

ሳቀ፤ ሳቁ ሳል ሆነበት፤ ጎንበስ ብሎ ግድግዳውን ያዘ። ቀና ሲል ዓይኑ ውሃ ሞልቷል። “የነገሩኝ ሰዎች እናቴ መኖሯን አልነገሩኝም” አለ።

ስለ ኮከቧም ስለ ተስፋውም ባጭሩ ነገርኩት። ስለ ኮከቧ ብዙ ጠየቀኝ፤ ስለ ተስፋው ምንም። አስካሪው ትከሻውን ይዞ አስገባው።

ምሽት፦ ጥርት ያለ ሰማይ። ከለ አንሳለች። እንደነገርኩት መሐንዲሱ ከንፈሩን ነከሰ። ረዚደንቱ ገና አልተመለሰም አለ።


ማክሰኞ፣ መስከረም 4

የባለሱቁ ሚስት፣ ያለወትሮዋ፣ ሰላምታዬን አልመለሰችም። ጨው ስጠይቃት ባሏን ጠራች። ሁለት ሴቶች ከኋላዬ ተጠቃቀሱ። ባልዋ እስር ቤት፣ እሷ ድንኳን። አልቀየምኳቸውም። እኔም ብሆን እንዲሁ አስብ ይሆናል።

ከቀትር በኋላ መጋዘኑ በር ላይ ስም ተጠራ። ከመስቀል በኋላ የሚጫኑት። የተ. ስም ሦስተኛ ነው የተጠራው። እማማ ብርቄ መሬት ላይ ተቀመጡ፤ ወደቁ አልልም፣ ቀስ ብለው ተቀመጡ። ጭቃ ላይ። እኔ ቆሜ ቀረሁ። የማስበው አንድ ነገር ብቻ፦ ጋቢው ሳስቷል።

ምሽት ሄድኩ። ጉም አለፍ አለፍ እያለ ኮከቧን አሳየኝ። ሐ ላይ ደርሳለች። ስሙ ተጠርቷል አልኩት። ደነገጠ፣ ወይም የደነገጠ መሰለ። ነገ በርግጥ አለ።

ማስታወሻዬ፣ ነገ የሚለውን ቃል በፈረንሳይኛም በጣሊያንኛም በአማርኛም ጠላሁት።


ዓርብ፣ መስከረም 7

በቁጣ ነው የምጽፈው፤ ከፍርሃት ይሻላል።

ገበያ ላይ የረዚደንቱን አስተርጓሚ አገኘሁት። ሁሌ የምሸሸው ሰው ነው። ዛሬ ፊቱ ቆምኩ። መሐንዲሱ ስለ ተ. ተናግሮ እንደሆነ ጠየቅኩት። ግራ ገባው። ረዚደንቱ የትም አልሄደም፤ መሐንዲሱ ሁለት ጊዜ አብሮት ራት በልቷል፤ የባልሽ ስም በእኔ ፊት አልተነሳም፣ አለኝ። ለምን ይዋሸኛል? ምንም አያተርፍበትም።

በቀጥታ ድንኳኑ። እማማ ብርቄ ከኋላዬ እየሮጡ። ለምን አልነገሩትም አልኩት። መጀመሪያ ካደ። ትክ ብዬ ሳየው አልቻለም፤ ጠረጴዛውን ይዞ ተቀመጠ። ያለውን እንዳለ እጽፈዋለሁ።

“ብነግረው ባልሽ ይፈታ ነበር። ከተፈታ አንቺ አትመጪም። ኮከቧ ለዘንድሮ እስክትጠልቅ ድረስ ብቻ፣ ከዚያ እነግረዋለሁ ብዬ ነበር።”

“ስሙ ከተጠራ በኋላም?”

ግራ ዓይኑ ያነባል፤ ለቅሶ ይሁን ሕመም አላውቅም፤ ግድም የለኝም።

ያን ጊዜ ሌላ ነገር ታየኝ፤ እስከ ዛሬ እንዴት እንዳልታየኝ። መንገዱ ላይ ለሚያሠራው ድልድይ ድንጋይ የሚፈልጡለትን እስረኞች ከመጋዘኑ የሚመርጠው እሱ ራሱ ነው። ጣቱን ይጠቁማል፣ ይወጣሉ። ረዚደንቱን ማንም አይጠይቅም። ሁልጊዜ በእጁ ነበር።

“ነገ ባሌን ለመንገዱ ሥራ ያውጡት” አልኩ። “እስካላወጡት መነጽሩን አልነካም።”

ምሽቱ ጥርት ያለ ነበር። አንድም ደመና የለ። መነጽሩን አቁሞ በዚያ በተጎዳ ዓይኑ ሲታገል አየሁት፤ ውሃው በጉንጩ ይወርዳል። እጄን አጣጥፌ ቆምኩ። እማማ ብርቄ ለመጀመሪያ ጊዜ ፊታቸውን ወደ እሱ አዙረው ተቀመጡ።


ቅዳሜ፣ መስከረም 8

ተ. ወጣ። ከሌሎች ጋር ወደ ድልድዩ ወሰዱት። ሲያልፍ ከመንገዱ ዳር ቆሜ ነበር፤ ፀሐይ ስላልለመደ ዓይኑን ጨፍኖ ነው የሚሄደው፣ የፊተኛውን ሰው ትከሻ ይዞ።

ደስታዬ እስከ ምሽት አልቆየም። ለድልድዩ የወጡት እስከ መስቀል ብቻ ነው። ካሚዮኑ ሲመጣ ከዚያው ይለቅማቸዋል። ይህንን መሐንዲሱ ራሱ ነገረኝ፤ ከእንግዲህ አልዋሽሽም ብሎ። አሁን ረዚደንቱን ቢለምንም፣ ስም ከተጠራ በኋላ አይሰማውም።

መነጽሩ። ቃሌ ቃል ነው፣ ጎንበስ አልኩ። ጨረቃዋ እየሞላች ሰማዩን አንጥታዋለች፤ ኮከቧ ያለችበት ወደ ጋራው ወርዷል፤ የፀሐይዋ ብርሃን ገና አልጠፋም። ሀ አለች። ለ በጭንቅ። እሷ የለችም። ፈለግኩ፤ ዓይኔን አሳርፌ እንደገና ፈለግኩ። የለችም።

ይህን ብናገር ለእኔ ምን ቀረኝ? ካልፈለገኝ ተ.ን ነገውኑ ወደ መጋዘኑ ይመልሰዋል።

“አለች” አልኩ። “ከሐ ታንሳለች።”

ጻፈው።


ሰኞ፣ መስከረም 10

ስንቅ ይዤ ድልድዩ ጋ። እዚያ ጠባቂው ወጡን አያማስልም፤ ይበላል እንጂ። ተ. ድንጋይ ይፈልጣል፤ ከፈለጠው ይልቅ ያረፈው ይበዛል። ትኩሳት አለበት። እስከ ካሚዮኑ የሚደርስም አይመስለኝም። ካሚዮኑ ላይ ግን በፍጹም።

ጅግሶ የሚባል እንጨት ቆራጭ አለ። ጌዴኦ ነው። (የኛ ሰዎች ደራሳ ይሏቸዋል፤ እነሱ ራሳቸውን ጌዴኦ ነው የሚሉት። ተ. ነው ያስተማረኝ።) የእሱ አባት ለተ. አባት ገባር ነበሩ። የተ. አባት ከሰሜን ከሠራዊቱ ጋር መጥተው፣ ከከተማው በላይ ያለውን የእንሰትና የቡና መሬት ከነሰዎቹ የተሰጣቸው ናቸው። ጣሊያን ሲገባ ገባርነት ቀርቷል አለ፤ ጅግሶም ከዚያ ወዲህ ለእማማ አንድ ቀን ጎንበስ ብሎ አያውቅም።

እሱ ነው የጠራኝ። ከእንጨቱ ክምር ኋላ። አማርኛው ወንድና ሴት አይለይም፤ ድምፁ ግን ረጋ ያለ ነው።

“ባልህ ይሞታል” አለኝ።

“አውቃለሁ።”

“እኔ ማውጣት ይችላል። የመስቀል ዋዜማ። ደመራ እንጨት ስናመጣ አብሮ ይወጣል፣ እንሰት ውስጥ ይገባል፣ አይመለስም። እንሰቱ ጥቅጥቅ ነው፤ አስካሪ እዚያ ሰው አያገኝም።”

ለምን አልኩት። ለአባቱ ቤት ብዬ እንዳይመስልህ አለኝ። ዋጋ አለው። እማማ ብርቄ ወደ ሶንጎ ይምጡ፤ ሽማግሌዎቹ የሚቀመጡበት ስፍራ ነው። በሽማግሌዎቹ ፊት መሬቱ የኛ አይደለም ይበሉ። ጣሊያን ዘላለም አይቀመጥም፤ የናንተ መንግሥት ሲመለስ ልጅና ሚስት መሬቴ ብላችሁ ትመጣላችሁ፤ ያን ቀን ይህ ቃል ይያዝብህ፣ አለኝ።

ትክክል ነው ብዬ አሰብኩ። ወዲያው ፈራሁ፤ ለእማማ እንዴት ይነገራል።

ምሽት፦ የለችም። አለች አልኩ።


ረቡዕ፣ መስከረም 12

የጅግሶን ዋጋ ከነገርኳቸው ወዲህ እማማ ብርቄ ሁለት ቀን አላናገሩኝም። ትናንት ምሽት ድንኳኑ ድረስ መጡ፣ ሳጥናቸው ላይ ተቀመጡ፣ ተመለሱ። ዛሬ ጠዋት ፈነዱ።

“ባሌ ያን መሬት ለማግኘት ከየት እንደመጣ ታውቂያለሽ? ስንት ዓመት በእግሩ?”

“አውቃለሁ እማማ።”

“መቃብሩ እዚያ ነው።”

“አውቃለሁ።”

“በገዛ ገባሬ ፊት ቆሜ ሌባ ነበርኩ ልበል?”

ከመሬቱና ከልጅዎ አንዱን ይምረጡ ማለት አልቻልኩም። እንዲህ ያለ ነገር ለአማት አይባልም። ወጥቼ ጓሮ ቆምኩ። አለቀስኩም፤ ዶሮዎቹ እግሬ ሥር መጥተው እህል ጠበቁኝ።

የመጣው ይምጣ ብዬ ተመልሼ ገባሁ። ተ. ደም መትፋት ጀምሯል አልኳቸው። ከሁለት ቀን በፊት ነው ያየሁት፤ ልደብቅባቸው ነበር። እማማ ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ጣሉ።

ምሽት፦ ደመና። መዋሸት አላስፈለገኝም። ዕረፍት ሆነልኝ።


ዓርብ፣ መስከረም 14

ሄድን።

ጎሕ ሲቀድ ተነሥተው ቀሚሳቸውን ለብሰው አገኘኋቸው። ካባቸውን አልደረቡም። ምርኩዛቸውን ይዘው ቀድመውኝ ወጡ። ዳገቱን ሦስት ጊዜ አርፈን ወጣን፤ እንሰቱ ከላያችን፣ ቡናው ከሥሩ ገና አረንጓዴ። እማማ እያንዳንዱን ድንበር ያውቁታል። በምርኩዛቸው ድንጋዮቹን መታ መታ ያደርጋሉ።

ሽማግሌዎቹ ትልቅ ዛፍ ሥር ተቀምጠዋል። ሴት እዚያ አትገባም፤ ዳር ላይ ሣር አነጠፉልን። ጅግሶ ቆመ፣ በቋንቋቸው ተናገረ። እማማ ሣሩ ላይ አልተቀመጡም። ቆመው ነው የተናገሩት።

“ይህ መሬት የናንተ ነበር። ባሌ በጠመንጃ መጣ፣ ገባበት። ልጄ አይጠይቃችሁም። የልጄ ልጅ አይጠይቃችሁም። ነገ መንግሥታችን ቢመለስ ይህን ቃሌን ያዙብኝ።”

ጅግሶ ተረጎመ። እጅግ ያረጁ አንድ ሽማግሌ፣ አማርኛ የሚችሉ፣ ቀና ብለው አዩዋቸው።

“ልጅህ ባይታሰር ይህን ትላለህ?”

እማማ ብርቄ ምርኩዛቸውን ጨበጡ።

“አልልም ነበር” አሉ።

ሽማግሌዎቹ እርስ በርሳቸው ተነጋገሩ። ረጅም። ጠፋን ብዬ ነበር። በመጨረሻ ሽማግሌው የእርቅ ምልክት የሆነውን እርጥብ ሣር ነጭተው ለእማማ ሰጧቸው። ጅግሶ ዝቅ ብሎ እንዲህ አለኝ፦ አዎ እል ነበር ቢል ኖሮ አያምኑትም ነበር።

ስንወርድ እማማ መንገድ ላይ ቆሙ። ባላቸው ወደተቀበሩበት አቅጣጫ አዩ። ሣሩ እጃቸው ላይ ነው። “ይቆጣኛል” አሉ። “ይቆጣ።”

ጅግሶ የሚደብቅበትን ቦታ ሊነግረኝ ነበር። እንዳትነግረኝ አልኩት። ብመታ እናገራለሁ፤ ራሴን አውቃለሁ።


እሑድ፣ መስከረም 16፤ የመስቀል ዋዜማ

ከቤተ ክርስቲያን እንደተመለስኩ ነው የምጽፈው፤ ወደ ድንኳኑ ከመሄዴ በፊት። እማማ ብርቄ ጠዋት በጅግሶ ሚስት ታጅበው ወጥተዋል፤ እህቴን ልጠይቅ ብለዋል ለጎረቤት። እህት የላቸውም።

ነገሩ እንዲህ ነው። መሐንዲሱ የጠባቂዎቹን አለቃ፣ ካፖውን፣ አያምንም። የድልድዩን እስረኞች ከድንኳኑ በታች ባለው ማደሪያቸው በየምሽቱ ራሱ ይቆጥራል፤ ሳይቆጥራቸው አይዘጋባቸውም፣ ሳይዘጋባቸው አይተኛም። የሚቆጥረው ከመነጽሩ ከተነሣ በኋላ ነው። ስለዚህ መነጽሩ አጠገብ በቆየ ቁጥር ተ. ይርቃል። ከእኔ የሚጠበቀው ይኸው ነው፦ ማቆየት።

እየሄድኩ ነው።

ተመለስኩ። ቶሎ ልጻፍ።

ደመራው ሲለኮስ ጭሱ ከተማውን ሸፈነው። ከሥር ዘፈን፣ ከበሮ፤ ክርስቲያን አስካሪዎቹም ወርደው ይጨፍራሉ። እማማ የት አሉ አለኝ፤ ታመዋል አልኩ። ሳጥናቸውን አየና ወደ መነጽሩ ዞረ። ሰባቱ ከዋክብት ጭስ ውስጥ ገብተዋል፣ ጋራው ላይ ተኝተዋል። ሀ እንኳ አትታይም። ማንኛውም ሰው ያውቀዋል፤ እሱ ከማንም ይበልጥ ያውቃል። በዚህ ሰሞን በፀሐይ ብርሃን ውስጥ ትሰጥማለች ብሎ የነገረኝ እሱ ነው።

“ታያለሽ?” አለ። ድምፁ የለማኝ ነበር።

“ይቆዩ። ጭሱ ይለፍ።”

ቆየ። ዓይኔን ከመነጽሩ አልነቀልኩም። ጥቁር ብቻ። እንጨት የሚያመጡት ከመንገዱ በታች ሲዘፍኑ ይሰማኛል፤ የጅግሶን ድምፅ ለየሁት፤ ከዚያ አጣሁት።

“አለች” አልኩ። “በጣም ደካማ። እየበራች እየጠፋች። አልለቃትም፣ ይጠብቁ።” ጠበቀ። ስለ አገሩ ነገረኝ፤ ስለ አባቱ፤ ሕፃን ሆኖ ጣሪያ ላይ ወጥቶ ስለሚተኛበት ቤት። አዳመጥኩት። በሌላ ዘመን የማዝንለት ሰው ነበር። አንገቴ ደነዘዘ። ካፖው ሁለት ጊዜ ሊጠራው መጥቶ ሁለት ጊዜ መለሰው።

ብርሃኗ ስንት እንደሆነ ጠየቀኝ። ነገርኩት። ጻፈ።

ሊቆጥር ሲወርድ ቤቴ ገባሁ። ጩኸት እጠብቃለሁ። የለም። ከበሮው ብቻ።


ሰኞ፣ መስከረም 17፤ ጠዋት

አልተኛሁም። ፀሐይ ሳትወጣ በሩ ተንኳኳ። አስካሪ መስሎኝ ጋቢዬን ለብሼ፣ ጫማዬን አስሬ ከፈትኩ። መሐንዲሱ ነው፤ ብቻውን። ፋሻውን ፈትቶታል። ቀኝ ዓይኑ ቀይ ነው፣ ግን ያያል።

ይግቡ አላልኩትም፤ ገባ። በርጩማ ላይ ተቀመጠ። ትናንት ሲቆጥር ጎድሎ አግኝቷል። ለማንም አልተናገረም፤ ሞልቷል ብሎ ዘግቷል። ተ. የት እንዳለ አልጠየቀኝም። ከኪሱ ወረቀቶቹን አወጣ፣ በየምሽቱ የነገርኩትን የጻፈባቸውን።

“ትናንት ነበረች?” አለኝ።

ነበረች ብል ምን አጣለሁ? ምንም። ያምነኝም ይሆናል። እሱ ግን ይህን ላገሩ ይልካል፤ የማላውቃቸው ሰዎች ያነቡታል፣ ያምኑታል። ስንት ውሸት ልሸከም? ዋሽቶኛል፤ ዋሽቼዋለሁ። ሰለቸኝ።

“አልነበረችም” አልኩ። “ከመስከረም 8 ወዲህ አላየኋትም። ከዚያ በፊት ያልኩት ሁሉ እውነት ነው።”

እርሳሱን አወጣ። ጉልበቱ ላይ አድርጎ አንድ በአንድ ሰረዘ። ቀስ ብሎ፣ መስመሩ ቀጥ እንዲል ተጠንቅቆ። ሲጨርስ ወረቀቶቹን ወደ ኪሱ መለሰ።

“ለረዚደንቱ የምነግረው ማታ ነው” አለ። “ቀኑን ሙሉ ድልድዩ ላይ ሥራ አለብኝ።”

ተነሣ። ሄደ።

ይቅር አላልኩትም። ካሚዮኑ ላይ የሚጫኑት ሌሎቹ እዚያው ናቸው፤ ሚስቶቻቸው ዛሬም ስንቅ ይዘው በር ላይ ይቆማሉ፤ እኔ አልኖርም።

ተ. የት እንዳለ አላውቅም። ሌሊቱን በሕይወት ይደር አይደር አላውቅም። እማማ ብርቄ ጅግሶ ቤት ናቸው፤ ትናንት የእሳቸው በነበረው መሬት ላይ ዛሬ እንግዳ። እኔም እዚያው። ቢያባርሩን ወዲያ ማዶ።

ወስኛለሁ። ሲመሽ አይደለም፤ አሁን፤ ከመስቀል ሕዝብ ጋር ተቀላቅዬ፤ ባዶ እጄን፣ ገበያ እንደምወርድ። በሩን አልቆልፈውም፤ የተቆለፈ በር ሄደዋል ይላል። እሳት አንድጃለሁ፤ እርጥብ እንጨት ጨምሬበት ድስት ጥጄበታለሁ። ጭሱን ያየ፣ ቤት አለች ይበል።